በሬ ያበራየው ድልድይ

አያ እንድሪስ መሞታቸውን ሰይድ ደውሎ ሲነግረኝ መጀመሪያ የመጣብኝ የእበት ሽታ ነው። ለሟች እንደማይገባ አውቃለሁ። ሰው ሞተ ሲባል መልኩና ድምፁ ነው ፊት የሚደቀነው። እኔ ግን አዲስ አበባ፣ ስብሰባ አቋርጬ ወጥቼ፣ አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ እንደ ቆምኩ ፀሐይ የመታው የላም እበት ሸተተኝ። ሰይድ ከወዲያ "ኢንጂነር፣ አለሽ?" ይላል። አለሁ አልኩት። እንባዬ መጣ፤ እሱን ሳልጠርግ ደግሞ ሳቄ መጣ። በአጠገቤ ታልፍ የነበረች የሥራ ባልደረባዬ ታጽናናኝ ወይስ አብራኝ ትሳቅ ግራ ገብቷት ቆማ ቀረች።

ሰይድ ከብዙ ዓመት በፊት ከሚሴ አብሮኝ የሠራ ፌራዮ ነው፤ የአርማታ ብረት ያስራል። አያ እንድሪስ የሁላችን ፎርማን ነበሩ። እኔ ለስሙ የሳይት መሐንዲስ ነኝ። ለስሙ ያልኩት ለትሕትና አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና መንፈቅ አልሞላኝም፤ ድልድይ የማውቀው በወረቀት ነው፤ በወረቀት ላይ ደግሞ ወንዝ አይሞላም።

ሥራው ትልቅ አልነበረም። ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሸለቆ የሚወርደው የገጠር መንገድ ወደ ቦርከና የሚገባ አንድ ወንዝ ያቋርጠዋል። በበጋ ሕፃን የሚሻገረው፣ በክረምት ዝሆን የሚወስድ ወንዝ ነው። እዚያ ላይ አንድ ቅስት ያለው የኮንክሪት ድልድይ እንድንሠራ ነው የተላክነው። ስደርስ አንድ ሽማግሌ ሰማያዊ ቱታ ለብሰው፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ሰክተው፣ ከኮንክሪት ማቡኪያው ሚክሰር ጋር ያወራሉ።

"አካም ቡልቴ?" ይሉታል። እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው።

ሚክሰሩ አይመልስም። እሳቸው ግን መልሱን የሰሙ ያህል ራሳቸውን ነቅንቀው "ነጋ፣ ነጋ"፣ ሰላም ሰላም፣ አሉና አስነሱት። ካልሰላሙት ያኮርፋል ይላሉ። እኔ ሳቅሁ። በሳምንቱ ሌላ ሰው ሊያስነሳው ሞክሮ ቢያቅተው ጊዜ ግን እኔም ማለዳ ማለዳ አካም ቡልቴ ማለት ጀመርኩ።

በመጀመሪያው ቀን "ጋሽ እንድሪስ" ብዬ ጠራኋቸው። ዞር ብለው ሌላ ሰው ካለ ፈለጉ።

"ጋሽ አዲስ አበባ ነው ያለው" አሉኝ። "እዚህ አያ ነኝ።"

እሳቸው ደግሞ እኔን አንድ ቀን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ሲቆጡ "ኢንጂነር"፣ ሲደሰቱ "ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለት ነው። ከአፋቸው የማይጠፋ ሌላ ቃል ነበረ፤ ሱታ። ሱታ ቀስ ማለት ነው። መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ሱታ፣ ኮንክሪት ሲፈስ ሱታ፣ ሰይድ ምሳውን ሲጎርስ ሱታ። ስለ ኮንክሪት ጥራት ስትጠይቋቸው ከቡኮው አንድ እፍኝ አንስተው ይጨብጣሉ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ያሳዩአችኋል። ቅርጹን ይዞ ከቆየ ይበቃል፤ ከፈረሰ ድርቅ ብሏል፤ በጣት መሀል ከወጣ ውሃው በዝቷል። እኔ በመለኪያ እለካለሁ። ሁለታችን አንድ መልስ ስናገኝ በጣም ደስ ይላቸዋል፤ መለኪያዬ እየተማረ እንደ ሆነ ይነግሩኛል።

ሠላሳ ዓመት ድልድይ ሠርተዋል። ድልድዮቻቸውን እንደ ልጅ ነው የሚያነሱት። "ባሌ ያለው" ይላሉ፤ "ጎጃም ያለው ትንሽ ያመዋል፣ አንድ እግሩ ሥር ውሃው ይቦረቡረዋል"። ጋምቤላ ያለውን ሲያወሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ እዚያ ሲሠሩ ወባ ይዟቸው ነበር። ይህ የከሚሴው የመጨረሻቸው ነው፤ ሰኔ ሲያልቅ ጡረታ ይወጣሉ። የተወለዱት ደግሞ እዚያው ከወንዙ ማዶ ባለው ሰፈር ነው። ሰውየው ለአገሩ ሁሉ ድልድይ ሠርተው በገዛ ወንዛቸው ላይ አንድ ግንድ እንኳ አላጋደሙም።

ይህን የሚያስታውስ ሰው አላጡም። ታላቅ እህታቸው እቴ ዘይነባ ፍየል ያረባሉ፤ ከማዶ ወደ ከሚሴ ገበያ የሚሻገሩት በሥራችን መሀል ነው። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ፍየሎቻቸውን ፊት ፊት እየነዱ፣ ወንዙ መሀል ሲደርሱ ይቆማሉ፤ የገነባነውን ከላይ እስከ ታች ያያሉ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረው ያልፋሉ።

"ለሰው አገር ድልድይ፣ ላገሩ ዋና።"

ሠራተኛው ይስቃል። አያ እንድሪስም ይስቃሉ፤ ነገር ግን እሳቸው ቶሎ ያቆማሉ። እኔ ይህን ያየሁት ቆይቼ ነው።

በመጋቢት የሁለቱም ዳር ግንብ አለቀ። ከዚያ ቅስቱ የሚፈስበትን ካሳፎርማ የሚሸከም ድጋፍ ከባሕር ዛፍ አጣና ሠራን። ከደሴ በኩል የመጣ፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር አጣና ነው። ልናፈስ አራት ቀን ሲቀረን በጠራራ ፀሐይ፣ እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋው ላይ የጣለው የበልግ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ወረደብን። ሰው ወጥቷል፣ አልሐምዱሊላህ። አጣናው ግን ስንቆጥረው እንደ ነበረ ተራ በተራ ሄደ። ዳር ቆመን አየነው።

አያ እንድሪስ እጃቸውን አጣጥፈው "ይሂድ" አሉ። "አፋር ወርዶ ቤት ይሆናል። ሰደቃ ነው።"

ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ አያ እንድሪስ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እስከ አስር ሰዓት ከዚያ ድንጋይ አልተነሱም።

ያኔ ከሚሴ ሞባይል አልገባም፤ ቴሌ ሄጄ ዋናው መሥሪያ ቤት ላለው አለቃዬ ደወልኩ። ሌላ አጣና የለም፣ ቢኖርም ከክረምት በፊት አይደርስም አለኝ። ጠቅልላችሁ ኑ፤ ከመስከረም በኋላ እናያለን። ከመስከረም በኋላ እናያለን የሚባል ነገር ምን ማለት እንደ ሆነ እኔም ለጀማሪነቴ አውቀዋለሁ።

ለአያ እንድሪስ የነገርኳቸው አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነው። ሻያቸውን ሳይነኩ አዳመጡኝ። ከዚያ በእርሳሳቸው ወደ ወንዙ አቅጣጫ ጠቆሙ፤ ከወንዙ ወዲህ፣ በከሚሴ በኩል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አንድ ግራር ይታያል።

"እዚያ ግራር ሥር አባቴ አለ" አሉ። "በሐምሌ ነው የሞተው። ታሞብን ወዲህ ወደ ጤና ጣቢያ አሻግረነው ነበር፤ ሲሞት ወንዙ ሞላ። በእኛ ሬሳ አይቆይም። ከሰፈሩ ሰው፣ ከአባቶቹ መሀል መቀበር ሲገባው እዚህ ቀበርነው። እቴ ማዶ ቆማ ነበር። እኛ አፈር ስናለብስ ታየናለች፤ መሻገሪያ የለ። ለቅሶ የደረሰችው በዘጠነኛው ቀን ነው።"

ግራሩን አየሁት።

"እኔ ያኔ የባሌውን ድልድይ ጨርሼ መምጣቴ ነበር" አሉ። "አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ፣ በሞተበት ወር፣ ከማዶ ሆና ዱዓ ታደርግለታለች። መቃብሩ ጋ በሐምሌ ደርሳ አታውቅም።" ከዚያ የቀዘቀዘውን ሻይ አንድ ጊዜ ጨለጡት። "በይ አብሽሪ። ሦስት ቀን ስጪኝ።"

አንዱን ቀን በወንዙ ዳር አሸዋ ሲቆልሉ ዋሉ። ድስት የሚያህል ጉብታ ሠርተው፣ በውሃ አርሰው፣ በመዳፋቸው ጠፍጥፈው፣ ላዩን በሲሚንቶ ሙቅ ደፍነውት ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ጠሩኝና አሸዋውን ከሥሩ በእንጨት እየጫሩ አወጡት። ትንሽ ቅስት ቀረ።

"ቁሚበት" አሉኝ።

"ይሰበራል አያ።"

"ቁሚበት እንጂ።"

ቆምኩበት። አልተሰበረም። እሳቸው ተንበርክከው ከሥር አጮለቁ። "ድጋፍ እንጨት ይሁን ያለው ማነው?" አሉ። "ድጋፍ ማለት ኮንክሪቱ እስኪጠና ዝም ብሎ የሚችል ነው። ከአፈር የበለጠ የሚችል የት አለ? ወንዙን እንሙላው፣ በላዩ ቅስቱን እናፍስ፣ ሲጠና አፈሩን ከሥሩ እናውጣው።"

ሦስት ቀን እኔም በተራዬ ሳሰላ ከረምኩ። መጽሐፌ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሊያሳምነኝ የሚችል ገጽ ፈልጌ አገኘሁ፤ ሌላ አገር ሞክረውታል። ሒሳቡ ይሠራል፤ አንድ ሁኔታ ብቻ አለው። አፈሩ ጣት እንኳ መስጠም የለበትም። ገና ያልጠነከረ ኮንክሪት ሥሩ ያለው አፈር ዝቅ ካለበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ በሮለር መጠቅጠቅ አለበት። ሮለራችን ደግሞ ኮምቦልቻ ጋራዥ መለዋወጫ ይጠብቃል። ለአለቃዬ በስልክ ስነግረው "አፈር ነው ያልሽኝ?" አለ። ከዚያ፣ ምንም የሚጠፋ ነገር ስላልታየው ይመስለኛል፣ ሞክሩ አለን።

ለአያ እንድሪስ ሮለር የለም አልኳቸው። በግርምት አዩኝ።

"ጤፍ በምን ይበራያል?"

"በበሬ።"

"ታዲያ?"

ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። በማግስቱ የወንዙን የወዲህና የወዲያ ሽማግሌዎች አነጋገሩ። በበጋ ከብትና ግመል ይዘው ጨፋ ለግጦሽ የሚወርዱትን አፋሮችም ሰፈራቸው ድረስ ሄደው አናገሩ። የበጋው ውሃ የሚያልፍበት እንዲያገኝ ባዶ በርሜሎችን ታችና ላያቸውን አስቆርጠው፣ ጫፍ ለጫፍ አስበየዱና ከሥር አጋደሙ። ከዚያ የአፈር ሥራው ተጀመረ። ስንዝር የሚሆን አፈር ይነጠፋል፤ ውሃ ይረጫል፤ ከዚያ በሬዎቹ ይገባሉ፤ ዙር በዙር፣ ልክ እንደ አውድማ። የውቂያ ዘፈን ሳይቀር ተዘፈነ። በአማርኛ የተጀመረው በኦሮምኛ ያልቃል። ወደ ሰንበቴ ገበያ ከብት የሚነዳ ሰው ሳይቀር መንገዱን ጠምዝዞ ጥቂት ዙር አስረግጦ ይሄድ ነበር። እኔ ጫፉ የሾለ ብረት ይዤ እየዞርኩ እወጋለሁ፤ ብረቱ እምቢ እስኪል አይበቃም።

አንድ የአፋር ሽማግሌ ግመሎቻቸውን ይዘው መጡ። አያ እንድሪስ የግመሏን እግር አንስተው ሥሩን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰፊና ለስላሳ ነው፣ አፈሩን ያሽሞነሙነዋል እንጂ አይነክሰውም። ሽማግሌው ከፋቸው። አያ እንድሪስ ወዲያው ክንዳቸውን ይዘው "ግመል ለማሳረጊያ ነው የተቀመጠ" አሏቸው። "ኮቴ ያጎደጎደውን የሚያስተካክል ትልቅ እግር ነው። በሬ ይጀምራል፣ ግመል ይጨርሳል።" ይህን ለማስታረቅ ያሉት መስሎኝ ነበር። የላይኛውን ንጣፍ ግመሎቹ ሲረግጡት ግን እውነትም ተስተካከለ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሹል ጥርስ ያለው ሮለርና ለስላሳ ሮለር የሚሠሩትን ለይቼ ጽፌ ጥሩ ነጥብ አግኝቻለሁ። ግመል ግን ፈተናው ላይ አልነበረም።

እቴ ዘይነባ በዚህ ሁሉ መሀል ያልፋሉ። "ድልድይ ሲሉ ሰማሁ" አሉ አንድ ቀን። "ያየሁት ጉብታ ነው። አገሩ ተራራ አነሰው?"

ሰኔ ገባ። ጉብታው የቅስቱን ቅርጽ ይዞ አለቀ፤ በገመድና በውሃ ልክ ለካሁት፣ ትክክል ነው። የቀረው ላዩን በስስ የሲሚንቶ ልስን መለሰንና ላስቲክ ማንጠፍ ነበር። በጁምዓ ሥራ የለም፤ እኔ ሲሚንቶና ላስቲክ ላመጣ ኮምቦልቻ ሄድኩ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስመለስ ሽታው ከመኪናው ሳልወርድ ተቀበለኝ።

ጉብታው አረንጓዴ ሆኗል። ከዳር እስከ ዳር በእበት ተለቅልቋል። የሁለቱም ማዶ ሴቶች ከማለዳ ጀምረው በደቦ ሠርተውታል፤ መሀላቸው ላይ ደግሞ እስከ ክርናቸው አረንጓዴ ሆነው የቆሙት እቴ ዘይነባ ናቸው።

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኩ። ድምፄ አላማረም።

"አውድማ ነዋ" አሉ። "ከብት ያበራየበት አውድማ ሳይለቀለቅ እህል ይፈስበታል? የሚያሳይሽ እናት የለሽም?"

ሲሚንቶና እበት አይስማሙም። እበት የገባበት ኮንክሪት አይጠናም፤ ይህን ማንም መሐንዲስ ያውቃል። ሰይድን አካፋ አምጣ፣ ይፋቅ ልል አፌን ስከፍት አያ እንድሪስ ክንዴን ይዘው ወደ ሚክሰሩ ጀርባ ወሰዱኝ።

"ሱታ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ። ዓይናቸው ውሃ ይዟል፤ አፋቸው ደግሞ ሳቅ ታግሏቸው ይንቀጠቀጣል። "ይህች ሴት ስንት ዓመት አኩርፋኛለች። ዛሬ እጇን በእኔ ሥራ ነከረች። ፋቂው የሚላት ወንድ ካለ ይምጣ። እኔ አልችልም።"

"ኮንክሪቱስ አያ?"

"እበቱ ይድረቅ። ላስቲኩን ድርብ አድርገን እናንጥፍ። ኮንክሪቱ ላስቲኩን እንጂ እበቱን አይነካም። የሚቀርብሽ ልስኑ ነው፤ እሱን ደግሞ ሠርተውልሻል።"

በከሚሴ ፀሐይ ሦስት ቀን በቃው። ደርቆ ሲያልቅ እጄን ሰደድኩበት፤ እንዲህ ያለ ለስላሳ ልስን ቤቴም የለኝ። በዚያው ሳምንት ከላይ የተላከ ተቆጣጣሪ መጣ። ላስቲኩን ገለጥ አድርጎ ዳበሰና በጣም ወደደው። በምን እንደ ለሰንነው ጠየቀ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አያ እንድሪስ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አንስተው "ያገር ውስጥ ምርት ነው፣ ጌታዬ" አሉ። ሰውየው ማስታወሻው ላይ ጻፈው። አሁንም የሆነ ቢሮ ፋይል ውስጥ እንዳለ አስባለሁ።

ሰኔ አስር ቀን አፈሰስን። ቅስት ከሁለቱም ጫፍ እኩል እየወጣ ነው መሀል የሚገናኘው፤ አንዱ ወገን ከቀደመ ክብደቱ ያዘነብላል። አያ እንድሪስ አናቱ ላይ ቆመው ሁለት እጃቸውን እንደ ሚዛን ዘረጉ። ግራው ሲቀድም ግራ እጃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ባሬላ የተሸከመው ሁሉ ሱታ ይላል፤ ቀኙ ሲዘገይ ቀኙን ያነሳሉ። ከማለዳ እስከ ማታ ያንን እጅ አላጠፉም። ሰይድ ውሃ ያጠጣቸው የነበረው ጣሳውን አፋቸው ላይ እየያዘ ነው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ኮንክሪቱ እስኪጠና ሃያ ስምንት ቀን። ናሙናውን ኮምቦልቻ ወስጄ በሰባተኛው ቀን አስፈተሽኩ፤ ውጤቱ ጥሩ ነው። እቴ ዘይነባም ሲያልፉ ማብጠልጠሉን ትተው "ገና ነው?" ብቻ ይሉ ጀመር።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን የደሴ ተራሮች ጠቆሩ። በርሜሎቹ የሚችሉት የበጋ ውሃ ነው፤ ጎርፍ ከመጣ ጉብታው ግድብ ይሆናል። በላዩ የሚያልፍ ጎርፍ ደግሞ ቅስቱን ከነሥሩ ሊያነሳው ይችላል። አለቃዬ ደነገጠ፤ ነገ ጠዋት ቁፈሩ አለ። እኔም ደንግጫለሁ፤ ይሁን አልኩ። ጠዋት ሃምሳ የሚሆን ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ቆመ። የማዶ ሰዎችም ሳይጠሩ መጡ። አያ እንድሪስ ጉብታው አፍ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

"ስንት ቀን ነው ያልሽው፣ ኢንጂነር?"

"ሃያ ስምንት። ግን ጎርፉ…"

"ዛሬ ስንት ነው?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

"እንግዲያው ማንም ሥሩ አይገባም።"

"አያ፣ ጎርፉ ከቀደመን ድልድዩ ሄደ እኮ። እርስዎም…" ጡረታዎ ደርሷል ልላቸው ነበር፤ ተውኩት። እሳቸው ግን ሰሙት።

"አውቃለሁ" አሉ። "ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ውሃ ድልድዩን ቢወስድ አንድ ድልድይ ወሰደ። ሃምሳ ሰው ካልጠና ኮንክሪት ሥር አስገብቼ አንዱ ቢቀርብኝ ግን ለእናቱ ምን እላታለሁ? ቸኩዬ ነው ልበላት? አልሻም። እቴም በዚህ ዋጋ አትሻገርበትም።" ወደ ሰዉ ዞረው በኦሮምኛም በአማርኛም ወደ ቤታችሁ ግቡ አሏቸው። ቀስ እያለ ሰዉ ተበተነ።

ቴሌ ሄጄ ፎርማኑ እምቢ አሉ አልኩ። "አንቺስ?" አለ አለቃዬ። "እኔም" አልኩት። በሥራ ዘመኔ የምኮራበት ቃል ቢኖር ይህ ነው፤ የተማርኩት ደግሞ በዚያው ጠዋት ነው።

ሐምሌ አንድ ቀን የአያ እንድሪስ የጡረታ የመጀመሪያ ቀን ነበር። ቱታቸውን ለብሰው መጡ። ምን ያደርጋሉ እዚህ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ስድስት ሰዓት ላይ ከላይ ድምፁ ተሰማ፤ ጎርፉ ከድምፁ እኩል ደረሰ። ቡናማው ውሃ ጉብታው ላይ ተከምሮ ከፍ አለ፣ እንደገና ከፍ አለ። በርሜሎቹ በታች በኩል ውሃውን እንደ ቀስት ይተፉታል። በሁለቱም ዳር ሰው ተሰብስቧል። ውሃው አናቱ ሊደርስ ክንድ ሲቀረው በግራ በኩል አፈሩ ተናደ። ከዚያ በርሜሎቹ ተነቅለው ወጡ፤ እየተንከባለሉ ሄዱ። በእነሱ ቀዳዳ ውሃው ገባና በሬና ግመል ሁለት ወር የጠቀጠቁትን አፈር ከሥር ይቦረቡረው ጀመር።

ቅስቱን ማየት አቃተኝና አያ እንድሪስን አየሁ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ላይ ናቸው። ሁለት ሰዓት ያህል እንደዚያ ቆየን። ከዚያ ሰይድ እጄን ነካኝ። ቀና ስል ከቅስቱ ሥር፣ በወዲያ በኩል፣ ማሽላ ይታያል። አፈሩ የለም። ውሃው ከሥር እያጓራ ያልፋል፣ ከበላዩ ኮንክሪቱ ደረቅ ነው። አንድ ስንጥቅ የለውም። ሁለት ሳምንት በአካፋ እንቆፍረዋለን ያልነውን ወንዙ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሥሩ ሳይገባ ጨርሶታል።

"ወንዙም ደቦ ወጣ" አሉ አያ እንድሪስ።

ሰው ገና እልል ሳይል፣ ከማዶ አንድ ሰው ቅስቱ ላይ ወጣ። እቴ ዘይነባ ናቸው። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። አጥር የለው፣ መደገፊያ የለው፣ ከሥር ያ ሁሉ ውሃ ይወርዳል። ሰይድ አይሆንም ብሎ ሊጮህ ሲል አያ እንድሪስ አፉን በመዳፋቸው ያዙት። ሴትዮዋ ወደ ታች አላዩም። አናቱን አልፈው ወደ እኛ ወረዱ፤ ጫማቸውን አደረጉ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። በእኔ አጠገብ አለፉ፤ በወንድማቸውም አጠገብ ዝም ብለው አለፉ። ሽቅብ፣ ወደ ግራሩ የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ያዙ።

ጥቂት እንደ ሄዱ ቆመው ዞሩ።

"ምን ይገትርሃል እንድሪሴ?" አሉ። "ሐምሌ እኮ ነው። ና፣ አባባ ጋ እንሂድ።"

አያ እንድሪስ ኮንክሪት የደረቀበትን ቱታቸውን እንደ ለበሱ ተከተሏቸው።